የማርስ ፍጡራንና ዲከረንስ

አዲስ ቅዳም በቅዳሜ ገበያዋ ግርግር ስትል፣ እኛ ዘጠኝ የሳይንስ ልብ ወለድ ወዳጆች ሻይ ቤት ጥግ ይዘን «ጉባኤ» ተቀመጥን። (ዘጠኝ አይናቅም! በ1937 እ.ኤ.አ. እንግሊዝ አገር ሊድስ ላይ የተደረገው፣ የመጀመሪያው የሚባለው ጉባኤም ሃያ ሰው ገደማ ነበር።) አጀንዳችን የኤች ጂ ዌልስ የ1898 እ.ኤ.አ. ልብ ወለድ ነበር፤ ምድርን የወረሩት የማርስ ፍጡራን መድፍ ያልበገራቸው በጀርም አለቁ። ሻይ የሚቀዱልን እትዬ ሰምተው፣ «እንደ ዲከረንሳችን በሉኛ!» አሉ። ክርክሩ እዚያው ተገለበጠ። ከአውስትራሊያ የመጣው ይህ ግራር በመጀመሪያው ዓመት ከጤፍ ጋር አብሮ ያድጋል፤ ከዚያ ማሳውን ይወርሳል፤ በአራት አምስት ዓመት ከሰል ይሆናል። በቅርብ ዓመታት ደግሞ ዋግ ገብቶበት ያደርቀው ጀመር። ዌልስ ዘንድ ወራሪው ሲሞት ሰው ይድናል። እዚህ ግን የቆርቆሮው ቤት የተሠራው፣ የእኔም ደብተርና ጫማ የተገዛው በወራሪው ገንዘብ ነው። ታዲያ እናልቅስ ወይስ እልል እንበል? ዘጠኛችንም አልተስማማንም።