«አልተዋጠልኝም» ይሉኝ የነበሩ አንባቢዎቼ

በ1980ዎቹ መጨረሻ፣ የግል ጋዜጦችና መጽሔቶች በፈሉበት ዘመን፣ እኔም ከማስተማር ሥራዬ ጎን ለጎን በአንድ ወርኃዊ መጽሔት የኋለኛ ገጾች ላይ ትንሽ ማዕዘን ነበረችኝ። የፊት ገጾቹን የፖለቲካ ክርክር ሞልቷቸው ነበር። የእኔዋ ማዕዘን ከመስቀለኛ ቃላትና ከኮከብ ቆጠራ ጋር ተጎራብታ በየወሩ አንድ የሒሳብ ወይም የሎጂክ እንቆቅልሽ ታወጣለች። ከጎረቤቶቿ የሚለያት አንድ ደንብ ነበራት፦ መልስ ብቻውን አይቆጠርም። ስሙ የሚወጣለት፣ መልሱ ለምን እንደዚያ እንደሆነና ለምን ሌላ ሊሆን እንደማይችል ጽፎ የላከ ሰው ነው። አዘጋጁ ደንቡን ሲያነብ «ይኼን ደግሞ ማን ይጽፍልሃል?» አለኝ። ጻፉልኝ። ዛሬም ሒሳብ ሲነሳ ቀድሞ የሚታወሰኝ ከመማሪያ መጻሕፍቱ ይልቅ የእነዚያ ሰዎች የእጅ ጽሑፍ ነው።

የመጀመሪያዋ ጥያቄ ይህች ነበረች፦ አዲስ አበባ ውስጥ የራስ ጠጉራቸው ብዛት ልክ እኩል የሆነ ሁለት ሰዎች መኖራቸውን፣ የማንንም ጠጉር ሳትቆጥሩ አረጋግጡ። እኔ የጠበቅሁት የታወቀውን መንገድ ነው። የሰው ራስ ላይ በአማካይ 100 ሺህ ገደማ ጠጉር ይገኛል፤ አንድ ሚሊዮን የሚሞላ ግን ተፈልጎም አይገኝ። በ1987ቱ የሕዝብ ቆጠራ የከተማዋ ነዋሪ ከ2 ሚሊዮን በላይ ነበር። እንግዲህ ከ0 እስከ 1 ሚሊዮን ቁጥር የተለጠፈባቸው ክፍሎች አሉ እንበልና ሁሉም ሰው የጠጉሩን ቁጥር ወደያዘው ክፍል ይግባ። ሰዉ ከክፍሎቹ ስለሚበዛ፣ ቢያንስ በአንዱ ክፍል ሁለት ሰዎች መገናኘታቸው የግድ ነው። ጀርመናዊው ሊቅ ዲሪክሌ በ19ኛው ክፍለ ዘመን ከባድ የቁጥር ጥያቄዎችን የፈታው በዚህችው ቀላል ሐሳብ ነበር።

ይህንኑ መንገድ ይዘው የመጡ ነበሩ። ከሁሉም በላይ ያሳቀኝ ግን በሁለት መስመር ያለቀው ደብዳቤ ነው። «ጌታዬ፣ ምን አደከመዎት? እኔም የቤቴ አከራይም መላጣ ነን። ዜሮ ከዜሮ እኩል ነው።» ስህተት ልፈልግበት ደጋግሜ አነበብሁት፤ የለውም። ሚሊዮኑን ክፍል ትቼ በሚቀጥለው እትም አናት ላይ ያወጣሁት የእሱን ነው።

ሁሉም አንባቢ መጽሔቱን የሚገዛ አልነበረም። አራት ኪሎ አካባቢ ጋዜጣና መጽሔት በሳንቲም ተከራይቶ፣ መንገድ ዳር ተቀምጦ አንብቦ መመለስ የተለመደ ነበር። ከእነዚያ ተከራዮች አንዱ፣ በተከራየው ወረቀት ላይ መጫር ስለማይፈቀድለት ጥያቄውን በቃሉ ይዞ በእግሩ ወደ ቤቱ ሲሄድ እንደሚፈታው ጻፈልኝ። ከ1 ጀምሮ ጎዶሎ ቁጥሮችን በተርታ ስንደምር ለምን ሁልጊዜ ካሬ ቁጥር ይወጣል ብዬ በጠየቅሁ ጊዜ መልሱን ያገኘው መንገድ ላይ ነው። «አንድ ንጣፍ ድንጋይ አየሁ። በሁለት ጎኑና በማዕዘኑ 3 ሲጨመርበት 2 በ2 ሆነ። በዚያም ላይ እንዲሁ 5 ሲጨመር 3 በ3። አዲሱ ጠርዝ ምን ጊዜም ካለፈው በ2 ይበልጣል፤ ስለዚህ ማቆሚያ የለውም።» ክፍል ውስጥ ሰሌዳ ሙሉ ቀመር የምጨርስበትን ነገር ልጁ በአስፋልት ዳር ጨርሶት ገብቷል።

ትልቁን ጠብ ያስነሳው የሦስቱ በሮች ጥያቄ ነው። ከአንደኛው በር ጀርባ መኪና አለ፤ ከሁለቱ ጀርባ ፍየሎች። አንዱን በር ትመርጣለህ። የት ምን እንዳለ የሚያውቀው አጫዋች ከቀሩት ሁለት በሮች ፍየል ያለበትን ይከፍትና «ልትቀይር ትችላለህ» ይልሃል። መቀየር ይሻላል? ማሪሊን ቮስ ሳቫንት በ1990 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ውስጥ ይታተም በነበረው ፓሬድ መጽሔት «አዎ፣ መቀየር ይሻላል» ብላ በጻፈች ጊዜ ወደ 10 ሺህ የሚጠጉ ደብዳቤዎች ጎርፈውባታል፤ ብዙዎቹ ተሳስተሻል የሚሉ ሲሆኑ፣ ዶክተር ነኝ ብለው የፈረሙትም ጥቂት አልነበሩም። ልክ ግን እሷ ነበረች።

የእኛዎቹ ሙግት ደግሞ የበላ ልበልሃ ለዛ ነበረው። አንድ አዛውንት «ሁለት በር ቀረ፤ ሁለቱም እኩል ነው፤ በቅሎ ይያዝልኝ!» ብለው እንደ ጥንቱ ተሟጋች ውርርድ አስያዙ። የአንድ መሥሪያ ቤት ሠራተኞች በሻይ ሰዓታቸው ሦስት ስኒ ገልብጠው፣ ከአንዱ ሥር የቡና ፍሬ ደብቀው ጨዋታውን ሲደጋግሙ ሰንብተው ውጤቱን በሠንጠረዥ ላኩ፤ የሚቀይረው ሰው ከሦስት ጊዜ ሁለቱን ያህል አሸንፏል። አዛውንቱ ሠንጠረዡን አይተው «ዕድል ነው፣ አልተዋጠልኝም» አሉ። የረታቸው የአንዲት ነርስ ደብዳቤ ነው፦ «መጀመሪያ ስመርጥ ፍየል የማገኝበት ዕድል ከሦስት ሁለት ነው። ፍየል ይዤ ከሆነ፣ መቀየር ያለጥርጥር መኪናውን ይሰጠኛል። ስለዚህ የምትቀይር ሴት የምትሸነፈው መጀመሪያ ዕድለኛ ከነበረች ብቻ ነው።» አዛውንቱ በወሩ «ተረትቻለሁ፤ በቅሎዋን ግን የት አባቴ አመጣታለሁ?» ብለው ጻፉ። ሠንጠረዡ መልሱን ነግሯቸው ነበር። እሳቸው የሚፈልጉት ግን ምክንያቱን ነበር።

ከጎጃም አንድ መሪጌታ የላኩልኝን ደብዳቤ እስካሁን አኑሬዋለሁ። «ልጄ፣ በየወሩ ‹ለምን› ስትል አያለሁ። እኔም አንድ ‹ለምን› አለኝ» ብለው ወደ ባሕረ ሐሳብ ወሰዱኝ። በዓላትና አጽዋማት የሚወጡበት ይህ ስሌት በቤተ ክርስቲያን ትውፊት ከእስክንድርያው ሊቀ ጳጳሳት ከድሜጥሮስ ጋር ይያያዛል። ዓመተ ዓለሙ ለ19 ይካፈላል፤ ከቀሪው አንድ ሲነሳለት ወንበር ይገኛል። ወንበሩ በ11 ተባዝቶ በ30 ሲገደፍ የሚተርፈው አበቅቴ፣ በ19 ተባዝቶ በ30 ሲገደፍ የሚተርፈው መጥቅዕ ነው። ለምሳሌ የ1989 ዓ.ም.ን ብናወጣ፣ 5500 ሲደመርበት 7489 ይሆናል፤ ለ19 ተካፍሎ ቀሪው 3፣ ወንበሩ 2፣ አበቅቴው 22፣ መጥቅዑ ደግሞ ከ38 ላይ 30 ተገድፎ 8 ነው። 22ና 8፣ 30። የመሪጌታ ጥያቄ እዚህ ላይ ነው፤ አበቅቴና መጥቅዕ በየትኛውም ዓመት ቢደመሩ ከ30 ዝንፍ አይሉም። «መምህሬ እንዲህ ነው አሉኝ፤ እኔም ለደቀ መዛሙርቴ እንዲህ ነው አልሁ። ለምን እንደሆነ ግን እሳቸውም አልነገሩኝ፣ እኔም አልጠየቅኋቸው።»

ጥያቄውን እንዳለ አወጣሁት። መልሱ የመጣው ከደሴ፣ ከአንዲት የ10ኛ ክፍል ተማሪ ነው። «አባቴ ሆይ፣ 11 ጊዜ ወንበርና 19 ጊዜ ወንበር አንድ ላይ 30 ጊዜ ወንበር ነው። ስለዚህ ሁለቱ ትራፊዎች ሲደመሩ ያለቀሪ ለ30 መካፈል አለባቸው። እያንዳንዳቸው ከ30 ስለሚያንሱ ደግሞ 60 አይሞሉም። እንግዲህ ድምሩ ወይ 30 ነው፣ ወይ 0።»

መሪጌታ መረቋት፤ ነገር ግን አለቀቋትም። «ልጂቱ ‹ወይ› ብላ መንታ መንገድ ላይ ትታኝ ሄደች። አንዱን ትዝጋልኝ።» ዘጋችው። ድምሩ 0 የሚሆነው 11 ጊዜ ወንበር ያለቀሪ ለ30 ሲካፈል ብቻ ነው። 11ና 30 ከ1 በቀር የጋራ አካፋይ ስለሌላቸው ወንበሩ ራሱ ለ30 መካፈል አለበት፤ ወንበር ግን ከ18 አያልፍምና ይህ የሚሆነው ባዶ ሲሆን ብቻ ነው። መሪጌታ የመጨረሻውን ቃል አኖሩ፦ ወንበሩ ባዶ በሆነበት ዓመት ሊቃውንቱ አበቅቴውን አልቦ፣ መጥቅዑን 30 ይሉታል፤ ድምሩ ያን ጊዜም 30 ነው። የማይተዋወቁ አዛውንትና ታዳጊ በአንዲት የመጽሔት ማዕዘን ተገናኝተው፣ እሷ ምክንያቱን ሰጥታ፣ እሳቸው ክፍተቱን አሳይተው፣ አንድ ማስረጃ ለሁለት ሠሩ። ማንም ማንን አላስቀየመም።

መርካቶ አካባቢ የሚሠሩ አንድ አናጢ ደግሞ ቢሮ ድረስ መጡ፣ ኮምፔንሳቶ ተሸክመው። በኮምፓስና ቁጥር በሌለው ማስመሪያ ብቻ ማንኛውንም ማዕዘን ለሦስት እኩል የሚከፍሉበትን ዘዴ ስለውበታል። ፈረንሳዊው ቫንትዜል በ1837 እ.ኤ.አ. ይህ እንደማይቻል አረጋግጧል። የአናጢው ስህተት ግን ከእርሳስ መስመር ውፍረት ያነሰ ነበር። «ጋሼ፣ ለበርና ለመስኮት ከበቂ በላይ ነው» አልኳቸው።

«ለሥራማ እንደሚበቃ አውቃለሁ፤ የምጠይቅህ ሌላ ነው። እኔ ያልሞከርሁት መንገድ ሞልቶ፣ ገና ያልተወለደ ሰው የሚያመጣው ብልሃት እያለ፣ ‹ማንም፣ መቼም አይችልም› ብሎ ሰው እንዴት ይፈርዳል?»

ከዚያ የተሻለ ጥያቄ ከተማሪም ከመምህርም ሰምቼ አላውቅም። ስለ ቫንትዜል ከማውራት ይልቅ ሥራ ሰጠኋቸው። የዳማ ገበታ 64 ቤት አለው፤ በሰያፍ ተቃራኒ የሆኑት ሁለት የማዕዘን ቤቶች ተቆርጠው ይውጡ። የቀሩትን 62 ቤቶች፣ እያንዳንዳቸው ሁለት ተጎራባች ቤት በሚሸፍኑ 31 ቁራጮች መሸፈን ይቻላል? ገበታውን ከጣውላ ሠርተው ቁራጮቹንም አዘጋጅተው ከሠራተኞቻቸው ጋር ሰነበቱበት፤ አልሆነም። ሲመለሱ «ያልሞከርነው ገና ብዙ ነው» አሉኝ። ገበታው ቀለም እንዳልተቀባ ያየሁት ያን ጊዜ ነው። «እንደ ዳማ ይቀቡት» አልኳቸው።

ሲመጡ እየሳቁ ነበር። «ሁለቱ የተቆረጡት ነጮች ናቸው። 32 ጥቁር፣ 30 ነጭ ቀረ። አንዷ ቁራጭ ሁልጊዜ አንድ ጥቁርና አንድ ነጭ ነው የምትሸፍነው። በቃ! ያልተወለደውም አይችልም።» ቫንትዜልም ያደረገው ከዚህ አይርቅም፤ በኮምፓስና በማስመሪያ የሚደረስባቸው ርዝመቶች ሁሉ የሚጋሩትን ጠባይ ለይቶ፣ የ60 ዲግሪ ሢሶ ያንን ጠባይ የሚያጣ መሆኑን አሳየ። ጋሼ ከዚያ በኋላ ማዕዘን መክፈሉን ትተው ገበታውን ለደንበኞቻቸው ማቅረብ ጀመሩ፤ ሳይቀቡ።

መጽሔቱ እንደ ብዙዎቹ የዘመኑ እኩዮቹ ሳይቆይ ቆመ፤ ማዕዘኗም አብራ። የእነዚህ ሰዎች ወዳጅነት ግን አንድ ነገር አስረግጦልኛል። ዕድሜ፣ ማዕረግና ዲግሪ በየቦታው ክርክር ሲዘጉ አያለሁ። ማስረጃ ፊት ግን መላጣው አንባቢ፣ መሪጌታውና የ10ኛ ክፍሏ ተማሪ አንድ ወንበር ላይ ነው የሚቀመጡት፤ «አልተዋጠልኝም» ማለትም ድፍረት ሳይሆን ተራ መጠበቅ ነው።

ልማድ ሆኖብኝ እንዲሁ አልለያችሁም። በማንኛውም ሠርግ ላይ፣ እንግዶቹ እንዳሻቸው ይጨባበጡ፤ ጎዶሎ ጊዜ የጨበጡት ሰዎች ቁጥር ምን ጊዜም ሙሉ ነው። መልሱን ነግሬያችኋለሁ። የቀረው ለምን የሚለው ነው፤ እሱን እናንተ ጻፉት።