ላልተወሰነ ጊዜ

የዚህ ዓምድ ጸሐፊ የአክስቱን ልጅ የግል ማኅበር መመሥረቻ ጽሑፍ ፊደል እንዲለቅም ተለምኖ ሲያነብ፣ «ማኅበሩ የተቋቋመው ላልተወሰነ ጊዜ ነው» የሚል አንቀጽ ላይ ሲደርስ ብዕሩ ቆመ። ሁለት ኮምፒውተርና አንድ ፎቶ ኮፒ ይዞ ዘላለም?

«ጋሼ፣ ሁሉም እንደዚያ ነው የሚያጽፈው» አለ የአክስቱ ልጅ።

ጸሐፊው ግን 99 የሚል ቁጥር የሆነ ቦታ ማንበቡ ትዝ ስላለው ፈለገና አገኘው። የፈረንሳይ ፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 1838 የኩባንያ ዕድሜ ከ99 ዓመት እንዳይበልጥ ይደነግጋል፤ ዘመኑ ሳያልቅ ባለድርሻዎቹ ተሰብስበው ማራዘም ይችላሉ። የኛን የቀድሞውን የ1952 ዓ.ም. ንግድ ሕግ ያረቀቁት ኤስካራና ዦፍሬም ፈረንሳውያን ነበሩ። እነሱ ግን ዕድሜውን መሥራቾቹ ራሳቸው እንዲጽፉት ተዉት።

ለምን መቶ አልሆነም? አንዱ የሦስት ትውልድ ድምር ነው ይላል፤ ሌላው፣ 99 በረጅም ኪራይ ውልም ስለሚታይ፣ መቶ ከሞላ ኪራዩ ባለቤትነት ይመስላል ባይ ነው። ጸሐፊው ሁለቱንም አልተቀበለም። ከ9 ቁጥር ጋር ቂም አለው፦ 999 ብር የተለጠፈበትን ጫማ «ሺህ እንኳን አልሞላም» ብሎ ገዝቶ፣ ሶሉ ክረምቱን ሳይወጣ ተላቋል። የእሱ ግምት፣ መቶ ሲባል ፈራሚው ስለሚደነግጥ አንድ ተቀነሰለት የሚል ነው። በ2004 ዓ.ም. የሊዝ አዋጅም ለመኖሪያ ቤት የተፈቀደው ጣሪያ ያው 99 ነው። ቤቱ 99፣ ፎቶ ኮፒው ዘላለም!

አፄ ምኒልክ እ.ኤ.አ. በ1894 ለስዊሱ መሐንዲስ ለአልፍሬድ ኢልግ የጅቡቲውን ባቡር ፈቃድ የሰጡትም ለ99 ዓመት ነበር። ሐዲዱን የጀመረው ኩባንያ ግን ድሬዳዋ ካደረሰው በኋላ ገንዘብ አጥሮት ወደቀ፤ በ1908 ሌላ ተተካ። የፈቃዱ ዘመን ከኩባንያው ዕድሜ በላይ ነበር ማለት ነው። የአቢሲኒያ ባንክም በ1905 የ50 ዓመት ውል ይዞ ተነሥቶ በ1931 ፈረሰ፤ የውሉን ግማሽ ጥቂት አለፍ ብሎ። ስሙ እ.ኤ.አ. በ1996 በሌላ ባንክ ላይ ተመልሶ መጣ፤ ያኛው ግን ያኛው ነው፣ ይሄኛው ይሄኛው።

ማታ የአክስቱ ልጅ ደወለ። «አንቀጹን ልቀይረው እንዴ?»

«ተወው፣ እንዳለ ይሁን» አለ ጸሐፊው። «ንግድ ፈቃዱን በየዓመቱ ማሳደስ ግን እንዳትረሳ።»