ጭስ ያልታየባት ሌሊት

በዚያች ሌሊት ክፍላችን ውስጥ ጭስ አልነበረም። ይህን አስቀድሜ የምናገረው ታሪኩን የሰማ ሁሉ «ጭሱ እንዴት አላባነናችሁም?» ብሎ ስለሚጠይቀኝ ነው። ቢጨስ ኖሮ ዓይናችን ተቃጥሎ፣ ጉሮሯችን ተከርክሮ፣ እየሳልን እንወጣ ነበር። ሊገድለን የመጣው ግን ሽታም ቀለምም የለውም።

ጊዜው ሐምሌ 2011 ዓ.ም. ነው። ፍኖተ ሰላም ውስጥ፣ ከዋናው አስፋልት ገባ ብላ በምትገኝ አንዲት ክፍል ዳቦ እጋግር ነበር። ምድጃዬ በጡብ የተሠራ፣ በባሕር ዛፍ እንጨት የሚነድ ነው። ክረምት ላይ መብራት ሲጠፋ የሌሎቹ ዳቦ ቤቶች ሥራ ሲቆም የእኔ ስለማይቆም እኮራበት ነበር። አብሮኝ የሚሠራው ልጅ ከቡሬ ገጠር የመጣ የ17 ዓመት ታታሪ ነው። የንጋቱን ዳቦ ለማድረስ ሁለታችንም እዚያው እናድራለን።

ጭስ ማውጫው መጀመሪያ 15 ሳንቲ ሜትር ስፋት ያለው፣ ቆርቆሮውን በስቶ ቀጥ ብሎ የሚወጣ ቱቦ ነበር። ሰኔ ሲገባ በቀዳዳው ዙሪያ ውኃ እያፈሰሰ ዱቄቴን አበላሸብኝ። ስለዚህ አስነቅዬ በግድግዳ በኩል እንዲወጣ አደረግሁ። በአዲሱ መንገድ ሁለት ጎሚቶ (የቱቦ መታጠፊያ) ገባ። ቱቦውም ገንዘብ ለመቆጠብ 10 ሳንቲ ሜትር ሆነ። በያጁ «ጋሼ፣ ያው ጭስ አይደል፣ መውጫ ካገኘ ይወጣል» አለኝ። እኔም እንደዚያው አሰብሁ። በሳምንቱ የምድጃው አፍ ከላይ በኩል በጥቀርሻ መጥቆር ጀመረ። ምድጃው እየነገረኝ ነበር፤ እኔ ግን በጨርቅ ጠረግሁት።

ያን ዕለት ዝናቡ ከማታ ጀምሮ አላባራም። ከምሽቱ 4 ሰዓት ገደማ የመጨረሻውን ዳቦ አወጣን። ፍሙን ወደ ምድጃው ውስጥ ሰበሰብሁና ሙቀቱ እስከ ንጋት እንዲቆይ የቱቦውን መዝጊያ ላሜራ ገፋ አደረግሁት። ልጁ ብርዱን ፈርቶ መስኮቱን በማዳበሪያ ወተፈው። የበሩንም መወርወሪያ አስገብቶ ተኛ።

ስነቃ ራሴን በመዶሻ የሚቀጠቅጡኝ መሰለኝ። ልነሳ ብል ጉልበቴ የእኔ አልሆነም። «ተነሥ» አልሁት፤ አልመለሰልኝም። በባትሪው ብርሃን አየሁት፤ ፊቱ ቀላ ብሎ የሰላም እንቅልፍ የተኛ ይመስላል። ያን ጊዜ ደነገጥሁ። ወደ በሩ ስሳብ የሊጡን ገበቴ ገልብጬ በሊጡ ላይ ተደፋሁ። አፍንጫዬ ከበሩ ሥር ካለችው ክፍተት አጠገብ ዋለ፤ የገባችው ቀዝቃዛ አየር ነፍስ ዘራችብኝ። በትከሻዬ መወርወሪያውን ስገፋ በሩ ተበረገደ፤ ግማሽ አካሌ ጭቃው ላይ ወደቀ።

ለኪዳን የሚሄዱ አንዲት እናት ነጠላቸውን ተከናንበው በዚያ ያልፉ ነበር። «ኧረ የሰው ያለህ!» ያሉት ድምፅ እስከ ዛሬ ጆሮዬ ላይ አለ። ጎረቤት ወጣ። አንዱ «ምች ነው» ብሎ ዳማከሴ ሊቆርጥ ሮጠ፤ ሌላው ጠበል አለ። እኒያ እናት ግን ወደ ውስጥ ገብተው ልጁን ከወጣቶቹ ጋር ጎትተው አወጡት፤ «ዳማከሴው ይቆይ፣ ባጃጅ ጥሩ!» አሉ። ሆስፒታል ደርሰን ኦክስጅን አፍንጫችን ላይ ሲደረግ ንጋት ሆኖ ነበር።

ሐኪሙ ነገሩን ሲያስረዳኝ ካርቦን ሞኖክሳይድ አለው። በደማችን ውስጥ ኦክስጅን የሚሸከመውን ሄሞግሎቢን፣ ኦክስጅን ራሱ ከሚይዘው ከ200 ጊዜ በላይ አጥብቆ ይይዘዋል። ወንበሩን ይዞበት ኦክስጅኑን ቆሞ ያስቀረዋል ማለት ነው። ተራ አየር እየተነፈሱ ከደም ውስጥ ግማሹን ለማስወጣት ከ4 እስከ 5 ሰዓት ይፈጃል፤ በንጹሕ ኦክስጅን ግን ወደ 1 ሰዓት ከሩብ ይወርዳል። ልጁ ዓይኑን የገለጠው ረፋድ ላይ ነው። ያየኝም «ጋሼ፣ ሊጡ ቦካ?» እያለ ነው። ፊቴን ወደ ግድግዳው አዙሬ አለቀስሁ።

ከሳምንት በኋላ ቴክኒክ የሚያስተምር ዘመዴ ሜትርና ደብተር ይዞ መጣ። «ምድጃህ ሞተር የለውም» አለኝ። «ጭሱን የሚያወጣው የክብደት ልዩነት ነው። ቱቦው ውስጥ ያለው ትኩስ አየር ይቀልላል፣ ውጭ ያለው ቀዝቃዛ አየር ይከብዳል። የከበደው የቀለለውን እየገፋ ያወጣዋል።» ቀጥሎ ጻፈ። ፍኖተ ሰላም ከባሕር ወለል 1,900 ሜትር ገደማ ከፍ ትላለች፤ አየሩ ባሕር ዳርቻ ካለው በአንድ አምስተኛ ያህል ይሳሳል። ስለዚህ ምጽዋ ላይ የተሠራ ጭስ ማውጫ እዚህ ቢተከል የመሳብ ኃይሉ በዚያው ልክ ይቀንሳል። ከምድጃዬ እስከ ቱቦው ጫፍ ያለው ከፍታ 4 ሜትር ነው። ውጭው 15 ዲግሪ፣ ጭሱ 250 ዲግሪ ሲሆን የሚገኘው ግፊት 17 ፓስካል ገደማ ነው። እሳቱ ወደ ፍም ወርዶ በቱቦው የሚያልፈው 60 ዲግሪ ሲሆን ግን 5 ፓስካል ብቻ ይቀራል።

«5 ፓስካል ስንት ነው?» አልሁት። ከደብተሩ አጠገብ የነበሩ የቢሮ ወረቀቶችን አነሣና 6 ደርቦ መዳፌ ላይ ዘረጋቸው። «ይህን ያህል ነው የሚጫነው» አለኝ። የሁለታችን ሕይወት የተንጠለጠለው በ6 ወረቀት ክብደት ላይ ነበር።

«ይህ ገቢህ ነው፤ አሁን ወጪህን እንቁጠር» ብሎ ቀጠለ። ቱቦው ከ15 ወደ 10 ሲጠብ ያንኑ ያህል ጭስ ለማሳለፍ ፍጥነቱ ከ2 እጥፍ በላይ መሆን አለበት። ብክነቱ ደግሞ በፍጥነቱ ልክ አይደለም የሚያድገው፣ በፍጥነቱ ካሬ ነው። በጎሚቶው ላይ የሚጠፋው ግፊት 5 እጥፍ፣ ከቱቦው ግድግዳ ጋር በመፋተግ የሚጠፋው ከ7 እጥፍ በላይ ይሆናል። በዚያ ላይ ሹል ሆኖ የተበየደ አንድ ጎሚቶ ብቻውን ከ3 ሜትር በላይ የሚሆን ቀጥ ያለ ቱቦ ያህል ይጎትታል፤ የእኔ ሁለት ነው። ጥቀርሻው ቀዳዳውን ያጠብበዋል። ውጭ የቆመው ቱቦ ዝናብ ሲመታው ጭሱ ይቀዘቅዝና ገቢው ከዚያም ያንሳል። በመጨረሻ መዝጊያውን በገዛ እጄ ገፋሁት። ቱቦው ሊያሳልፈው ያልቻለው ሁሉ በምድጃው አፍ ወደ ክፍሉ ተመለሰ። በቂ አየር ያላገኘ ፍም ደግሞ ግማሽ ነው የሚቃጠለው፤ መርዙ የሚወለደውም ከዚያ ነው። መስኮቱን የወተፈው ማዳበሪያ ነገሩን ጨረሰው፤ የሚወጣው እንዲወጣ የሚገባ አየር ያስፈልገዋልና።

ሒሳቡ በሙሉ ከግማሽ ገጽ አልበለጠም። ከሁሉ የከነከነኝ ይህ ነው። ለዱቄቱ፣ ለእርሾው፣ ለእንጨቱ ሳንቲም እየቆጠርሁ የኖርሁ ሰው፣ የምተነፍሰውን ሳልቆጥር ኖሬያለሁ።

ልጁን ለቤተሰቡ ሳደርስ ከቡሬ ወጣ ብሎ ባለው ቀዬ የአያቱ ቤት ገባን። ሣር ክዳን ነው። መሐል ላይ ሦስት ጉልቻ ተጎልቶ እንጨት ይነዳል፤ ጭሱ ዓይን ያስለቅሳል፣ ግን በሣሩ መሐል እየሾለከ ይወጣል። አጠገቡ የልጃቸው አዲስ ቤት ቆሟል፤ ቆርቆሮ ክዳን፣ ግድግዳው ተመርጎ የተለሰነ፣ መስኮቱ አንድ። እዚያ ቤት ማታ ከሰል በማንደጃ ገብቶ በሩ ይዘጋል። ሣሩ ሲነሣ ቤቱ የሚተነፍስበት አፍንጫ እንደ ተደፈነ ማንም አልነገራቸውም። ጭሱ ስለጠፋ አደጋውም የጠፋ ይመስላቸዋል። «ምርጥ» የተባለው የእንጀራ መጋገሪያ ምድጃ ከጉልቻ አንጻር ማገዶን እስከ ግማሽ ይቆጥባል፤ «ላቀች» የተባለው የከሰል ምድጃም ከሰል ይቆጥባል፤ ሁለቱም መልካም ናቸው። ማገዶ መቆጠብና መርዝን ከቤት ማስወጣት ግን ሁለት ሥራ ነው። ላቀች ላይ የቀላ ፍምም በተዘጋ ክፍል ውስጥ ይገድላል።

የእኔ ጭስ ማውጫ ዛሬ 15 ሳንቲ ሜትር ነው፤ ጎሚቶ የለውም፤ ከጣሪያው አናት በላይ ወጥቶ ቆሟል። የቆርቆሮው ቀዳዳ በላሜራ ቀሚስ ተሸፍኗል፤ ዝናብ አያስገባም። መዝጊያው እስከ መጨረሻ ቢገፋ እንኳ የማይደፈን ቀዳዳ በመሐሉ ተበስቷል። ከበሩ በታች የአየር መግቢያ አለ፤ ማንም በማዳበሪያ አይወትፈውም። በዚያ ክፍልም ማንም አያድርም።

እኒያ እናት በኋላ ሊጠይቁን ሲመጡ አንድ እስር ጧፍ ይዘው መጡ፤ «ልጁ ተርፎልኛልና በቤተ ክርስቲያን አብሩበት» ብለው ነው። አብርተንበታል። አንዷን ግን አስቀረሁ። ዘመዴ እንዳሳየኝ በየማታው ለኩሼ ከምድጃው አፍ ላይ እይዛት ጀመር። ነበልባሏ ወደ ውስጥ ካዘነበለች ቱቦው ይስባል። ቀጥ ብላ ከቆመች ወይም ወደ እኔ ከዞረች ፍሙን አውጥቼ ውጭ ላይ በውኃ አጠፋዋለሁ። ልጁ ለመስከረም ተመልሶ መጣ። አሁን ጧፏን የሚይዘው እሱ ነው። «ሳበ፣ ጋሼ» ሲለኝ ብቻ በሩን ዘግተን እንሄዳለን።