በኮንትራት መኪና ወደ ማጀቴ



ከአዲስ አበባ ወደ ይፋት የሚወርድ መንገደኛ በአንድ ቀን ሁለት አየር ይለዋወጥበታል። የደብረ ብርሃን ብርድ ጋቢ ያስደርባል፤ ጣሊያኖች በወረራው ዘመን ጣርማበር ላይ የፈለፈሉትን ዋሻ አልፎ፣ ከደብረ ሲና ቁልቁል ሸዋ ሮቢት ሲደርስ ግን ሙቀቱ መስኮት ያስከፍታል። ከዚያ ወዲያ ማሽላው፣ በእሑድ ገበያዋ የታወቀችው ሰንበቴ፣ አጣዬና ካራቆሬ ይከተላሉ። ማጀቴ ከዋናው መንገድ ገባ ብላ ትገኛለች። አገሩ የወላስማ ሱልጣኖች የገዙት የጥንቱ ይፋት ነው፤ እንደ ኖራና አስበሪ ባሉ ሥፍራዎች የሚገኘው የድንጋይ መስጊዶች ፍርስራሽ ለዚህ ምስክር ነው።

ዒድ ሲቃረብ ብዙ ቤተሰብ ገንዘብ አዋጥቶ ሚኒባስ በኮንትራት ይይዝና ዘመድ ለመዘየር በዚህ መንገድ ይወርዳል። እኛም በአንድ የዒድ ሰሞን ሦስት ቤተሰብ ሆነን ከነሾፌሩ ተከራየን። ሸዋ ሮቢትን እንዳለፍን ራዲያተሩ ውኃ ማፍሰስ ጀመረ፤ ሞተሩም ግሎ ቆመ። ሕፃናቱና አንዲት ሸምገል ያሉ እናት ግራር ጥላ ሥር ተቀመጡ። ሾፌሩ ለባለንብረቱ ሲደውል ያገኘው መልስ «ማሠሪያውን እነሱ ይክፈሉ፤ ቀሪ ሒሳቡንም ሳያጎድሉ ይስጡ» የሚል ነበር።

ለመሆኑ መኪናው መንገድ ላይ ቢቀር ኪሳራው የማን ነው?

በፊቅህ ኪራይ «ኢጃራ» ይባላል። ገንዘቡ የሚከፈለው ለሚገኘው ጥቅም ነው፤ ጥቅሙ ያለ ተከራዩ ጥፋት ከተቋረጠ ከዚያ ወዲህ ላለው ኪራይ አይታሰብም። ንብረቱም በተከራዩ እጅ አማና ነው፤ ወሰን ካላለፈ ወይም ቸል ካላለ ዕዳ የለበትም።

የአገራችን ሕግም ከዚህ አይርቅም። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 1731 ውል በተዋዋዮቹ መካከል ሕግ ነው ይላል። አንዱ ወገን ውሉን ካልፈጸመ ሌላው እንዲፈጸምለት፣ ወይም ውሉ እንዲፈርስለት መጠየቅ ይችላል፤ የደረሰበትንም ጉዳት ኪሣራ ይጠይቃል (አንቀጽ 1771)። «ከዐቅም በላይ ነው» የሚለው መከላከያ ማንም ሊገምተው ለማይችልና መፈጸምን ፈጽሞ ለሚከለክል ነገር ነው፤ ያረጀ ራዲያተር ከዚህ አይቆጠርም። ይሁን እንጂ ተከራዩ ራሱ እየነዳ፣ ከልክ በላይ ጭኖ ወይም ሞተሩ ሲግል እያየ ቢቀጥል ጥፋቱ የራሱ ይሆናል።

ተከራዩም ግዴታ አለበት። አስቀድሞ ማስጠንቀቅ ይገባዋል (አንቀጽ 1772)፤ ማስጠንቀቂያውም በጽሑፍ ወይም ፈቃዱን በሚገልጽ ሌላ ድርጊት ሊሰጥ ይችላል። ጉዳቱም እንዳይበዛ የሚቻለውን ማድረግ አለበት (አንቀጽ 1802)። ስለዚህ መኪናው ቆመ ብሎ ውድ ሆቴል ገብቶ ሒሳቡን ሁሉ በባለንብረቱ ላይ መጫን አይቻልም።

እኛም ለባለንብረቱ በስልክ መልእክት ጻፍን፤ እስከ ዐስር ሶላት ድረስ እንዲያሠራው ወይም ሌላ መኪና እንዲልክ ጠየቅን። ሰዓቱ ሲያልፍ ከሸዋ ሮቢት ሌላ መኪና በደረሰኝ ያዝን። ስንመለስ ሁለታችንም ያመንንባቸው ሽማግሌዎች ተቀመጡ፤ መኪናው ላደረሰን ርቀት ከፈልን፣ ከቀረው ላይ ለሁለተኛው መኪና ያወጣነው ተቀነሰ። ያስማማን የጩኸታችን ብዛት አልነበረም፤ ሰዓቱ ያለበት መልእክትና ደረሰኙ ነው።

ሽምግልና ካልያዘ ጉዳዩ የሚታየው በመደበኛው ፍርድ ቤት ነው። የሸሪዓ ፍርድ ቤቶች ሥልጣን እንደ ጋብቻ፣ ፍቺ፣ ውርስና ወቅፍ ባሉ ጉዳዮች ላይ እንጂ በመኪና ኪራይ ላይ አይደለም።

እንግዲህ ወንድሞችና እህቶች፤ ቀብድ ከመክፈላችሁ በፊት አንድ ገጽ ወረቀት ጻፉ። የሰሌዳ ቁጥሩን፣ የመሄጃና የመመለሻ ቀኑን፣ ጠቅላላ ዋጋውንና ቀብዱን፣ ነዳጅና ጥገና በማን እንደሆነ፣ መኪናው ቢበላሽ በስንት ሰዓት ውስጥ ምትክ እንደሚመጣ አስፍሩ፤ ሁለታችሁም ፈርሙ፣ ምስክርም ይፈርም። የቅርብ ሰው ቢሆንም አትፈሩ። በሱረቱል በቀራ 282ኛ አንቀጽ አላህ (ሱ.ወ.) ዕዳን እንድንጽፍ ማዘዙ ጥርጣሬ እንዳይገባ ነው። ወረቀቱ ባለንብረቱንም ያለ አግባብ ከሚጠይቀው ተከራይ ይጠብቀዋል።

አላህ መንገዳችንን ያቅናልን። ወሰላሙ ዐለይኩም።