የባልና ሚስት ኑሮ በሰው አገር

ትዳር በአገር ቤት የሁለት ሰዎች ብቻ ሥራ አይደለም። ባልና ሚስት ቢጣሉ የሚያስታርቅ ሽማግሌ፥ ቢወልዱ ገንፎ የሚያገነፋ ዘመድ፥ ቢታመሙ የሚጠይቅ ጎረቤት፥ ቢያዝኑም ድንኳን የሚተክል እድር አለላቸው። ቤታቸውን ብዙ እጅ ደግፎ ሲያቆመው፥ እነርሱ ግን በራሳቸው ጕልበት ብቻ የቆመ ይመስላቸዋል። ወደ ሰው አገር የሄዱ እንደ ሆነ ያ ሁሉ ረዳት በስተኋላ ይቀርና ሸክሙ በሁለቱ ትከሻ ላይ ያርፋል። ትዳር ምን ያህል እንደሚከብድ፥ ምን ያህልም እንደሚያስፈልግ የሚታወቀው ያን ጊዜ ነው። እኔና ባለቤቴ ካየነው ጥቂቱን ብጽፍ፥ ልጆቻቸውን ወደ ውጭ አገር ለሚሰዱም ሆነ ራሳቸው ለመሄድ ለሚያስቡ ሳይጠቅም አይቀርም ብዬ አስባለሁ።

የምንኖረው በአሜሪካ፥ በቨርጂንያ ክፍለ አገር፥ አሌክሳንድርያ በምትባል ከተማ ነው፤ ከዋሽንግተን የሚለያት የፖቶማክ ወንዝ ነው። ከመጣን 19 ዓመት ሆኖናል። እኔ የሒሳብ መዝገብ ሠራተኛ ነኝ፤ ባለቤቴ በሆስፒታል ነርስ ናት፤ አንድ ወንድና አንዲት ሴት ልጅም አሉን። በዚህ አካባቢ የአገራችን ሰዎች ብዙዎች ናቸው። ከ1966 ዓ.ም. ለውጥ በኋላ የመጡት አስቀድመው በዋሽንግተን አዳምስ ሞርጋን በሚባለው ሰፈር ምግብ ቤት ከፈቱ፤ ኋላም ወደ ዩ መንገድና ወደ 9ኛው መንገድ፥ ከዚያም እስከ ሲልቨር ስፕሪንግና እስከ አሌክሳንድርያ ድረስ ተስፋፉ። ስለዚህ በርበሬና ሽሮ፥ ቡናና ዕጣን አይቸግረንም። ጤፉ እንኳ በአሜሪካ ምድር ይበቅላል፤ ይኸውም በኢትዮጵያ ኖሮ የተመለሰ ዌይን ካርልሰን የሚባል አሜሪካዊ፥ በፈረንጅ አቈጣጠር በ1980ዎቹ ኢዳሆ በሚባለው ክፍለ አገር መዝራት ስለ ጀመረ ነው። ዳሩ ግን እንጀራው ሲመጣ አብሮ የሚቈርሰው ሰው አይመጣም። ባለቤቴ በመጀመሪያው ዓመት አንድ ምሽት ገበታውን ተመልክታ፥ «እንጀራውስ ተገኘ፤ የሚጎርሰው ግን ሁለት ብቻ ነው» ያለችው አይረሳኝም።

አዲስ ለመጣ ሰው ከሁሉ አስቀድሞ ግራ የሚያጋባው የሰዓት ነገር ነው። በግድግዳችን ላይ ሁለት ሰዓት ሰቅለናል፤ አንዱ የዋሽንግተንን፥ ሁለተኛው የአዲስ አበባን ይቈጥራል። በብርዱ ወራት አዲስ አበባ በ8 ሰዓት ትቀድመናለች፤ በሙቀቱ ወራት አሜሪካኖች ሰዓታቸውን በአንድ ሰዓት ወደ ፊት ስለሚያስኬዱት ልዩነቱ 7 ይሆናል። እኛ ልጆቻችንን አስተኝተን እፎይ ስንል፥ በአገር ቤት አማቴ ለኪዳን ጸሎት ይነሣሉ። እናትና ልጅ በስልክ የሚነጋገሩት ያን ጊዜ ነው፤ ያንዷ ምሽት ላንዷ ንጋት ነውና።

ልጆቻችን ሕፃናት ሳሉ፥ «እኛ ለምን 6 ሰዓት አሳስተን እንቈጥራለን?» እያሉ ይጠይቁን ነበር። ነገሩን ስመረምረው ግን ስሕተት የለበትም። አዲስ አበባ ለምድር ወገብ ቅርብ ስለ ሆነች የቀኑ ርዝመት ዓመቱን ሁሉ ወደ 12 ሰዓት ይጠጋል፤ ፀሐይም በየዕለቱ በተቀራረበ ጊዜ ትወጣለች፤ ስለዚህ ቍጥርን ከንጋት መጀመር ይመቻል። በዋሽንግተን ግን ቀኑ በታኅሣሥ ወደ 9 ሰዓት ተኩል ያጥራል፥ በሰኔ ደግሞ ወደ 15 ሰዓት ይረዝማል፤ እንዲህ ባለ አገር ንጋትን መነሻ ማድረግ አይመችም። ይህን ለልጆቻችን ካስረዳናቸው ወዲህ ሁለቱንም ሰዓት ያለ ሐፍረት ያነባሉ።

ባለቤቴ በሳምንት ሦስት ሌሊት፥ ከምሽቱ 1 ሰዓት እስከ ጧቱ 1 ሰዓት ትሠራለች፤ እኔ የምሠራው ቀን ነው። በእነዚያ ዕለታት የምንተያየው በበር ላይ ነው፤ እርሷ ስትገባ እኔ እወጣለሁ። የቀረውን የምንነጋገረው በማቀዝቀዣው በር ላይ በምንለጥፈው ወረቀት ነው፤ ይኸውም፥ «የልጁ ትኵሳት በርዷል፤ ሽሮው በድስቱ አለ፤ የመብራቱ ተከፍሏል» የሚል ነው። ይህ የፍቅር ደብዳቤ አይመስልም፤ ነገር ግን ደክሞት ለሚገባ ሰው ከዚህ የሚበልጥ የፍቅር ቃል እስካሁን አላገኘሁም።

እንዲህ ባለ ኑሮ ወንዱ ወጥ ቤት አልገባም ቢል ቤተ ሰቡ ጦሙን ያድራል። እናቴ ሦስት ወር ሊጠይቁን በመጡ ጊዜ፥ ሽንኵርት ሳቍላላ አይተው ደነገጡና፥ «ልጄ፥ ሚስትህ ታማለችን?» አሉኝ። «የለም፥ እማዬ፤ ሥራ ላይ ናት» አልኋቸው። ብዙ ሳምንት ምንም ሳይናገሩ ሲመለከቱ ቈዩ። ወደ አገራቸው ሊመለሱ ሲሉ ግን ባለቤቴን፥ «ይህ እንደሚቻል ዐውቄ ቢሆን ኖሮ አባቱንም ባስተማርሁት ነበር» ብለዋት፥ ሁለቱም እስኪደክማቸው ሣቁ።

የቋንቋም ነገር አለ። ልጆቻችን እርስ በርሳቸው የሚጫወቱት በእንግሊዝኛ ነው፤ እኛም ቅዳሜ ማታ በገበታ ላይ ከአማርኛ በቀር እንዳይነገር ሕግ አውጥተናል። ነገር ግን የእኛው አማርኛ ራሱ በወጣንበት ዓመት ላይ ቆሞ ቀርቷል። በአገር ቤት ያሉ የወንድሞቻችን ልጆች በስልክ አዲስ አዲስ ቃል ሲናገሩ እኔና ባለቤቴ እንተያያለን። አንዳንድ ጊዜ፥ ያን የትላንቱን አማርኛ የምንነጋገርበት ሰው እኔ እርሷን፥ እርሷም እኔን ብቻ ይመስለናል።

ደግሞ ስም አለ። በአገራችን ሴት ባገባች ጊዜ የአባቷን ስም አትለውጥም፤ ልጅም በአባቱ ስም ይጠራል። በአሜሪካ ግን የቤተ ሰቡ ሁሉ የመጨረሻ ስም ብዙውን ጊዜ አንድ ነው። እኔ በአባቴ፥ ባለቤቴ በአባቷ፥ ልጆቻችን በእኔ ስም ስለምንጠራ በመዝገብ ላይ ሦስት ልዩ ልዩ ቤተ ሰብ እንመስላለን። አንድ ቀን ልጃችን ታሞ ባለቤቴ ከትምህርት ቤት ልትወስደው በሄደች ጊዜ፥ ስማችሁ አይገጥምም ተብላ መታወቂያዋን ስታሳይና ስታስረዳ ብዙ ቈየች። ማታ፥ «የእኔን ስም ብትይዢ አይቀልሽምን?» ብላት፥ «የአባቴን ስም ለማን ጥዬው?» አለችኝ። ስሙ ከአባቷ ቤት ይዛው የወጣች፥ ጕምሩክ ያልፈተሸው ብቸኛ ዕቃዋ ነበርና ነገሩን ደግሜ አላነሣሁትም።

በሰው አገር ባልና ሚስትን የሚያጣላው ብዙ ጊዜ ወደ አገር ቤት የሚላከው ገንዘብ ነው። ገንዘቡ አንድ ነው፤ ዘመዱ ግን የሁለት ወገን ነው። አንድ ዓመት የእናቴ ቤት ጣራ ማፍሰስ ጀመረ፤ በዚያው ወር የባለቤቴ ታናሽ ወንድም የኮሌጅ ክፍያ ደረሰ። ለሁለቱ የሚበቃ አልነበረንም። እኔ ክረምት መቅረቡን፥ እርሷ የመመዝገቢያው ቀን ማለፉን እየተናገርን ሰነበትን፤ በመጨረሻም መነጋገሩ ራሱ ቀረ። በማቀዝቀዣው በር ላይ ወረቀት ያልተለጠፈበት አንድ ሳምንት አለፈ። በአገር ቤት ቢሆን በሦስተኛው ቀን ሽማግሌ ይገባ ነበር፤ እዚህ ግን ጎረቤት ሰላም ብሎ ያልፋል እንጂ የሰው ቤት ነገር አይጠይቅም።

ያስታረቁን አንዲት አሮጊት ናቸው። ልጃቸው ስትወልድ ሊያግዟት ከጎጃም መጥተው ከእኛ በላይ ባለው ፎቅ ይኖሩ ነበር። ነገሩን ከልጆቻችን ፊት አነበቡት መሰለኝ፥ ቡና አፍልተው ሁለታችንንም ጠሩን። አቦሉን ዝም ብለን ጠጣን። ቶናው ሲቀዳ፥ «አንተ የእርሷን ችግር ንገረኝ፤ አንቺም የእርሱን ንገሪኝ፤ የራሳችሁንስ ስትነጋገሩት ከርማችኋል» አሉን። እኔ ስለ ወጣቱ ትምህርት፥ እርሷም ስለ እናቴ ጣራ ስንናገር፥ በረካው ሳይደርስ ጠቡ አለቀ። የትምህርቱ ቀን የማይጠብቅ ስለ ሆነ ክፍያው አስቀድሞ ተላከ፤ ጣራውም በሰኔ ተጠገነ። ከዚያ ወዲህ አንድ ደብተር አለን፤ በእርሱም የእርሷን ወገን ጕዳይ የምጽፈው እኔ ነኝ፥ የእኔንም ወገን የምትጽፈው እርሷ ናት። እንዲህ ከሆነ በኋላ በገንዘብ ምክንያት ሌሊት ያደረ ጠብ አልነበረንም።

በዓልም በሰው አገር ሌላ መልክ አለው። የእኛ መስከረም 1 ቀን በእነርሱ አቈጣጠር መስከረም 11 ቀን ይውላል፤ በየአራት ዓመቱ አንድ ጊዜ 12 ይሆናል። እኛ ከመምጣታችን በፊት፥ በ1994 ዓ.ም. የዕንቍጣጣሽ ዕለት፥ ማለት በእነርሱ በ2001፥ በኒው ዮርክ፥ በፔንሲልቫንያና በቨርጂንያ በአውሮፕላን በደረሰው ጥፋት ወደ 3,000 የሚጠጋ ሰው ሞተ። በቨርጂንያ የተመታው ፔንታጎን የሚባለው የጦር መሥሪያ ቤት ከቤታችን ሩቅ አይደለም። ስለዚህ ሰንደቅ ዓላማቸው ዝቅ ብሎ በሚውልበት ቀን እኛ አዲስ ዓመት እንቀበላለን። ልጃችን አንድ ጊዜ፥ «እማዬ፥ ዛሬ የምናዝንበት ነው ወይስ የምንደሰትበት?» ብላ ብትጠይቃት፥ ባለቤቴ፥ «ጧት ከጎረቤቶቻችን ጋራ እናዝናለን፤ ማታ ከዘመዶቻችን ጋራ ደስ ይለናል» አለቻት። በቤታችን እስከ ዛሬ የሚደረገው እንዲሁ ነው።

የትዳርን ነገር ፈጽሜ የተረዳሁት ግን ከስምንት ዓመት በፊት በጥር ወር ነው። በእኛ ከምሽቱ 4 ሰዓት፥ በአዲስ አበባ ጎሕ ሲቀድ፥ የባለቤቴ ታላቅ ወንድም ደውሎ አባታቸው ማረፋቸውን ነገረኝ። መርዶ ለባለቤቱ በስልክ አይነገርም፤ ስለዚህ ለእኔ ተነገረ። እርሷ በዚያ ሰዓት በሥራዋ ላይ ሆና የሌላ ሰው አባት ታስታምም ነበር። በ5 ሰዓት ጥቂት ዕረፍት ስታገኝ እንደ ልማዷ ደውላ፥ «ልጆቹ ተኙን?» አለችኝ። «ተኝተዋል» አልኋት። «ድምፅህ ደክሟል፤ አንተም ተኛ» ብላ ዘጋች። እስኪነጋ ድረስ ሐዘኗን ይዤላት አደርሁ።

በሌሊት ለወዳጆቻችን ደወልሁ። ጧት በ12 ሰዓት ተኩል፥ ገና ሳይነጋ፥ ሃያ የሚሆኑ ሰዎች በበረዶ ላይ እየተራመዱ መጡ፤ አንዱ ታክሲውን አቁሞ፥ አንዷ ከሆቴል የሌሊት ሥራዋ ወጥታ፥ ሌላው ለአለቃው አስፈቅዶ ነበር። እኚያ አሮጊት ወደ አገራቸው ተመልሰው ነበርና ልጃቸው ነጠላዋን አዘቅዝቃ በእርሳቸው ፈንታ መጣች። ባለቤቴ በሩን ከፍታ ነጠላ የለበሱትን ሰዎች ባየች ጊዜ ማንም ሳይነግራት ዐወቀችው። ወደ እኔ ዘወር ብላ፥ «ከመቼ ጀምሮ ታውቃለህ?» አለችኝ። «ከማታ ጀምሮ» አልኋት። «ብቻህን?» አለችና አለቀሰች።

ሦስት ቀን ሙሉ ቤታችን ሰው አልተለየውም፤ ምግቡንም በየተራ አመጡ። ከዚያ በፊት ሰላምታ ብቻ የምንለዋወጠው አንድ አሜሪካዊ ጎረቤታችን፥ የመኪናውን ብዛት አይቶ ምን እንደ ሆነ ጠየቀኝ። በነገርሁት ጊዜ ባርኔጣውን አውልቆ ገባና፥ ቋንቋውን በማያውቀው ለቅሶ ውስጥ አንድ ሰዓት ያህል ዝም ብሎ ተቀመጠ። ሐዘንተኛን አይቶ ማለፍ የማይሆንለት የእኛ ሕዝብ ብቻ እንዳልሆነም ከእርሱ ተረዳሁ።

የተከበራችሁ አንባቢዎች፥ በሰው አገር ባል ለሚስቱ፥ ሚስትም ለባሏ ጎረቤትም፥ ሽማግሌም፥ መርዶ ነጋሪም መሆን ግድ ይሆንባቸዋል። ነገር ግን ይህ ሁሉ ለሁለት ሰው ብቻ ይከብዳል። ስለዚህ ወደዚያ የሚሄዱ ሁሉ ገንዘብ ከማጠራቀማቸው አስቀድመው ሰው ያጠራቅሙ። በበረዶ ውስጥ ጎሕ ሳይቀድ የሚመጡ ሃያ ሰዎች በአንድ ቀን ጥሪ አይገኙም፤ የሚገኙት እነርሱ ሲወልዱ ገንፎ፥ ሲታመሙ ሾርባ ይዞ በመሄድ፥ ዕቃቸውን ሲያጓጕዙም አብሮ በመሸከም ነው።

በአገር ቤት ያላችሁ ወላጆችና ዘመዶችም አንድ ነገር ልትረዱን ትችላላችሁ። ስትደውሉልን ስለ ገንዘቡ ከመጠየቃችሁ አስቀድሞ፥ ለወንዱ «ሚስትህ እንደምን ናት?»፥ ለሴቲቱም «ባልሽ እንደምን ነው?» ብላችሁ ጠይቁ። የሩቅ ሽማግሌነታችሁ ይኸው ነው። ያች ቤት ከቆመች የሚላከውም አይቀርም።