ሻንጣውን የዘጋሁት እኔ ነኝ

ሐረር ሸዋ በር አጠገብ የምትኖረው ታናሽ እኅቴ ባለፈው ክረምት፣ «እትዬ፣ በነገረ መለኮትና በተልእኮ ጥናት ለዶክትሬት ልማር አዲስ አበባ ልገባ ነው» አለችኝ። እኔ ስለ ሴቶች መብት ጽፌ የማልጠግበው ሴት፣ «ቄስ ላትሆኚበት?» አልኳት። አሁን ሳስበው ያሳፍረኛል።

አልተቆጣችም። «ዓይነ ስውሯ እማሆይ ገላነሽ ሐዲስ ጎጃም ላይ ለወንዶች ቅኔ ሲያስተምሩ ቄስ ነበሩ እንዴ?» አለችኝ። ምን እመልሳለሁ?

የምታጠናውም ቀላል አይደለም። 82 መስጊዶች ባሉበት፣ የመድኃኔ ዓለም ደወልና አዛን ባንድነት በሚሰሙበት ጁገል፣ ክርስቲያን ጎረቤቱን ሳያስቀይም እምነቱን እንዴት ይመሰክራል የሚለውን ነው።

እናቶች ግን ወዲያው የምትጠይቁት ሌላ ነው፤ የአራት ዓመት ልጇስ? አባቱ ከሥራ የሚገባው ማታ ነው። እናታችን በዚሁ ምክንያት ሳምንት ሙሉ አኩርፈዋል። መፍትሔው የመጣው ካላሰብነው ቤት ነው። ሐረሪዋ ጎረቤቷ ወሬውን ሰምተው መጡና፣ «ቀን ቀን እኔ ዘንድ ይዋል። ሥጋውን አባቱ ያምጣለት፤ ሌላውን ከልጆቼ ጋር ይበላል» አሉ። እናታችን ይህን ሲሰሙ ኩርፊያቸውን ትተው ቡና አስፈሉ።

በመሄጃዋ ዕለት ሻንጣዋን የዘጋሁት እኔ ነኝ። ልጁ ከጎረቤት ልጆች ጋር ሲሯሯጥ ዞሮም አላየን። ያለቀሰችው እሷ ናት።