የሽንኩርት ዕዳ

ነገሩ የሆነው ባለፈው ዓመት፣ በዐቢይ ጾም መገባደጃ ላይ ነው። ሜሪላንድ የሚኖረው የአክስቴ ልጅ ሰላም ሊለኝ ደውሎ ስለ ወንድሜ ጭንቀት ባጫውተው ሳቀ። «ታዲያ ለምን ኪሳራውን አያውጅም?» አለኝ። እሱ አውጇል። በአምስት ክሬዲት ካርድ የተከመረበት ዕዳ ከዓመት ደመወዙ ቢበልጥበት ጠበቃ ይዞ፣ እነሱ ምዕራፍ ሰባት በሚሉት የሕግ ክፍል ለፍርድ ቤት አመለከተ። አካሄዱን እንደ ተረት ነው የሰማሁት። ሰውየው ያለውንና ያለበትን ይዘረዝራል፤ ሕጉ ከማይነካቸው ንብረቶች የተረፈ ነገር ካለ ይሸጣል፤ ከዚያ በአራት ወር ገደማ ከዕዳው ነጻ የሚያወጣው ወረቀት ይደርሰዋል። የትምህርት ብድርና የልጅ ቀለብ እንዲህ በቀላሉ አይሰረዙም። ስሙም በብድር መዝገብ ላይ እስከ አሥር ዓመት ጠቁሮ ይቆያል። «ይጥቆር! እኔ ግን እንቅልፍ እተኛለሁ» አለ።

ወንድሜ ክሬዲት ካርድ በዓይኑ አይቶ አያውቅም። የሱ ዕዳ የሽንኩርት ነው።

ወረታ ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር ሲኬድ የደብረ ታቦርና የወልድያ መንገድ የሚገነጠልባት ከተማ ናት። ከሷ ወዲያ እስከ ጣና ድረስ የተዘረጋው የፎገራ ሜዳ ነው። ክረምት ሲገባ ጉማራና ርብ ሞልተው ይተኙበታል። አባቴ ሲያወራ ሜዳው የከብት ነበር፤ የፎገራ ላም ወተት አገር ያወቀው ነው። በደርግ ዘመን ሩዝ ገባና የግጦሹ መሬት እርሻ ሆነ። ብዙዎች የሚዘሩት ኤክስ ጅግና የሚባለው ዘር ስሙን የወሰደው እዚያው ከምትገኘው ከጅግና ቀበሌ ነው። የኔ የጋዜጠኝነት ዲፕሎማ፣ ሳልደብቅ ልናገር፣ የዚህ ሩዝ ፍሬ ነው። አባቴ ካረፈ በኋላ የከፈለልኝ ወንድሜ ነበር።

ሩዙ ኅዳር ላይ ከታጨደ በኋላ ድሮ በቀረው እርጥበት ጓያና ሽምብራ ይዘራበት ነበር። አሁን ሞተር መጣ፤ ከወንዙ ውሃ እየሳቡ ሽንኩርት መትከል ተለመደ። «ሽንኩርት ቁማር ነው» ይላሉ ገበሬዎቹ፤ ይሉና ይተክላሉ። አንዱ ጎረቤት ዋጋ ሰምሮለት የቆርቆሮ ቤት ሲሠራ እያዩ እንዴት አይተክሉ? ወንድሜም ካለው አንድ ሄክታር ግማሹን ቦምቤ ሬድ የሚባለውን ዘር ተከለበት። ለሞተሩ፣ ለዘሩና ለማዳበሪያው ከአንድ ብድር ሰጪ ተቋም በቡድን ዋስትና 50 ሺህ ብር ወሰደ። ቤንዚን ከጥቁር ገበያ በሊትር እየተለካ ሲገዛ ያ ብር ኩትኳቶ ላይ እንኳ ሳይደርስ አለቀ። በኅዳር መጨረሻ ከአንድ ነጋዴ 30 ሺህ ብር በአራጣ ጨመረ፤ ከመቶ ብር በየወሩ አሥር ብር፣ ለስድስት ወር።

ሽንኩርቱ እንዴት አማረ መሰላችሁ! ታዲያ በሚነቀልበት ሰሞን መንገድ ተዘጋ። መኪና የለም። መንገዱ ሲከፈት ደግሞ የሜዳው ሽንኩርት ሁሉ ባንድ ሳምንት ወጣ። ሽንኩርት እንደ ሩዝ ጎተራ ገብቶ ዋጋ አይጠብቅም። ደላላ በጠራው ዋጋ ሸጦ፣ የነቃዩንና የጫኙን ከፍሎ የተረፈው ብር የልጆቹን የፋሲካ ልብስ የሚገዛ እንጂ ዕዳ የሚከፍል አልነበረም።

ዲፕሎማ ያለው ሰው አንድ በሽታ አለበት፤ ወረቀት ካገላበጠ ነገር የሚፈታ ይመስለዋል። እኔም አዲስ አበባ ሆኜ ሕግ ማገላበጥ ጀመርኩ። ኪሳራ በሕጋችን አለ። በ1952 ዓ.ም የወጣው የንግድ ሕግ አንድ ሙሉ ክፍል ሰጥቶታል፤ በ2013 ዓ.ም በአዋጅ ቁጥር 1243 የተተካው አዲሱ ሕግ ደግሞ የተቸገረው ድርጅት ሳይፈርስ እንዲያገግም የሚረዳ ሥርዓት ጨምሮበታል። ዳሩ ግን በሩ የነጋዴ በር ነው። አራሹን የ1952ቱ ሕግ አንተ ነጋዴ አይደለህም ብሎ ከደጃፉ ይመልሰው ነበር። ስለዚህ ወንድሜ ይከስራል እንጂ ኪሳራ ማወጅ አይችልም።

ያም ሆኖ ባዶ እጄን አልተመለስኩም። የፍትሐ ብሔር ሕጉ ከዓመት 12 በመቶ በላይ ወለድ መዋዋልን ይከለክላል። የወንጀል ሕጉም አራጣን በወንጀልነት አስቀምጦታል። ሳሰላው በ30 ሺህ ብር ላይ ለስድስት ወር ሕግ የሚፈቅደው ወለድ ቢበዛ 1,800 ብር ነው፤ ከወንድሜ የተጠየቀው 18 ሺህ። ከሁሉ ያስደሰተኝ ግን የ1958ቱ የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ ነበር። ባለዕዳው ገበሬ ከሆነ ለኑሮው የሚያስፈልጉት ከብቶችና ዘር፣ ለቤተሰቡም የሦስት ወር ምግብ በዕዳ አይያዝበትም ይላል። ይህን ሁሉ በደብተር ጽፌ ወረታ ወረድኩ።

ወንድሜ እስክጨርስ ዝም ብሎ ሰማኝ። «አልችልም በልና ተቀመጥ፤ በሬዎችህን የሚነካ የለም» አልኩት። መጀመሪያ የአራጣውን ወረቀት አሳየኝ። ወለድ የሚል ቃል የለበትም። «48 ሺህ ብር ተበድሬአለሁ» ይላል፤ ሁለት ምስክር ፈርሟል። የኔ 12 በመቶ እዚያው ላይ ሞተ።

«ደግሞ» አለ «ሰውየው የትንሹ ልጄ ክርስትና አባት ነው። አበልጄን አራጣ አበዳሪ ብዬ ልክሰሰው?»

«የተቋሙንስ ዕዳ ተወው» አልኩ።

ጣቶቹን ዘርግቶ የቡድኑን አባላት ቆጠረልኝ። አምስት ናቸው። አንዱ ካልከፈለ አራቱ ይከፍሉለታል፤ ካልከፈሉ ለመጪው ክረምት ማዳበሪያ የሚበደር የለም። «አራተኛዋን ታውቂያታለሽ፣ እህትዓለም። ርብ ሲሞላ አዝላ ትምህርት ቤት ታሻግርሽ የነበረችው ናት። ባሏ ከሞተ ወዲህ ያላት አንዲት ጊደር ናት። ያቺን ትሽጥልኝ?»

መልስ አልነበረኝም። እስከዚያች ሰዓት ድረስ «ቡድን» ሲባል በሐሳቤ የሚመጣው የማኅተም ምልክት ነበር፤ ሰው መሆኑ ትዝ ብሎኝ አያውቅም።

በድሮው ዘመን ባለዕዳና አበዳሪ በነጠላ ጫፍ ወይም በሰንሰለት ተቆራኝተው፣ ዋስ እስኪገኝ አብረው ይውሉ አብረው ያድሩ ነበር። ዛሬ «የአልጋ ቁራኛ» የምንለው ከዚያ የመጣ ይመስለኛል። ወንድሜ ግን የታሰረው ከአበዳሪው ጋር ሳይሆን ከጎረቤቶቹ ጋር ነው፤ ይህን ደግሞ ፈትቼ ልገላግለው የመጣሁት እኔ ነኝ። ወደ መተማ ለሰሊጥ ሥራ ሊጠፋ አስቦ እንደነበር ማታ ነገረኝ። እናቴ ጠርጥራ ኖሮ ለሁለት ሳምንት በር ላይ ነው የተኛችው።

ከዳግማይ ትንሣኤ በኋላ ግማሹን ሄክታር ለሦስት ዓመት በኮንትራት ሰጥቶ 60 ሺህ ብር ተቀበለ፤ የተቋሙን ዕዳ ከነወለዱ 58 ሺህ ከፈለ። ለአራጣው ሽማግሌ ተላከ። ሁለት ቀን ሙሉ ዛፍ ሥር ተቀምጠው፣ ሕግ የሚባል ነገር አንዴም ሳይነሳ፣ አበልጁ በ36 ሺህ ታረቀ። ወይፈኑ ተሸጠ። 15 ሺህ ብር እኔ ጨመርኩ፤ ወንድሜ ሊቀበለኝ አልፈለገም፣ እናቴ ተቀበለችኝ። ወረቀቱ ፊታችን ተቀደደ።

ልመለስ ስል በማሳው በኩል ወሰደኝ። የተከራየው ሰው ሞተር ተክሎ መሬቱን እያጠጣ ነበር። «ሽንኩርት ነው የሚተክል» አለኝ። ትንሽ እንደሄድን ስለ አክስታችን ልጅ ጠየቀኝ። ነጻ የሚያወጣው ወረቀት እንደደረሰው ነገርኩት።

«እግዜር ይመስገን» አለ። ቆየት ብሎ፣ «ማን ከፈለለት?» አለኝ።

«ማንም፤ ባንኮቹ ተዉት።»

«ቡድን የለውም?»

«የለውም።»

ራሱን ነቀነቀ። ከዚያ ጎንበስ ብሎ ከቦይ ዳር ተረስቶ የቀረ አንድ ሽንኩርት አነሳና በእጁ ጨበጥ ጨበጥ አድርጎ አየው። ወደ ኪሱ ከተተው።